መርዶ የማይናገር ስልክ

ከእኔ ጋር ፊልም ማየት ያሰለቻል። ሴትዮዋ ስልኩን አንስታ የልጇን ሞት ትሰማለች፤ እጀታው ከእጇ አምልጦ በገመዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል፣ እኔ ገመዱን አያለሁ። ቀጥ ያለ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነው ወይስ ጥምዝምዙ? መደወያው ይዞራል ወይስ ባለቁልፍ ነው? አሜሪካ ውስጥ ባለቁልፍ ስልክ ለደንበኞች የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1963 ነው። ስለዚህ «ዘመኑ 1955 ነው» የሚለን ፊልም ጠረጴዛው ላይ ባለቁልፍ ስልክ ካስቀመጠ፣ በቃ፣ ያዝኩት። ጓደኛዬ «ሰው እያለቀሰ አንተ ዕቃ ትቆጥራለህ» ይለኛል። ስድብ ነው፤ ግን ጥያቄም ነው።

አሮጌ ስልክ ማደን ብዙ ነገር ያስተምራል፣ የምሬን ነው። ለምሳሌ የሚዞረው መደወያ ሥራው ቆጠራ ነው፦ 5ን ስታዞሩ መስመሩ አምስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ 0ን ስታዞሩ አሥር ጊዜ። እኛ አገር የቢሮ ስልክ መደወያ ላይ ትንሽ ቁልፍ ይንጠለጠል እንደነበር ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል። ቁልፉ ግን መደወያውን እንጂ መስመሩን አይዘጋም፤ ጣቱ የሰለጠነ ሰው እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በልኩ እየመታ ይደውል ነበር። ስልኩን የቆለፉት አለቃ ይህን ያውቁ ይሆን?

ከሁሉም የምወደው ታሪክ ግን የሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ለእይታ የበቃውን «ዳያል ኤም ፎር መርደር»ን ሲሠራ፣ ፊልሙ ስሪ ዲ ስለነበር ትልቁ ካሜራ ጣትና መደወያን ከቅርብ አጥርቶ ማንሳት አልቻለም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግዙፍ ስልክና ግዙፍ የእንጨት ጣት አሠራ። እናም ያ ጣት «ኤም»ን ሲያዞር የምናየው ነገር በሙሉ ውሸት ነው፤ የሚሰማን ፍርሃት ግን እውነት ነው። ባለቁልፉን ስልክ 1955 ውስጥ ያስቀመጠውን ሰው እከሰዋለሁ፣ ሂችኮክን አልከሰውም። ለምን? ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ አስጨንቆኛል፤ መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ደግሞ ከፊልም አይደለም።

ያደግኩት ዲላ ነው። ቤታችን ስልክ አልነበረም፤ የሰፈራችን ስልክ አንድ ቡና ነጋዴ ቤት ነበር። እዚያ ስልክ የቅንጦት ዕቃ አልነበረም፦ ጌዴኦ የሚለቀመው ቡና አዲስ አበባ ዛሬ ስንት ገባ የሚለውን ይዞ የሚመጣ የሥራ መሣሪያ ነው። ከዋጋው ጎን ለጎን ግን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጉዳይ ይሸከም ነበር። ከሩቅ ሲደወል የነጋዴው ልጅ እየሮጠ መጥቶ «ስልክ ይፈልጓችኋል!» ይላል፤ እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ትወጣለች። ሳሎኑ ውስጥ፣ ዳንቴል የለበሰው ስልክ ዙሪያ፣ ቢያንስ አምስት ሰው ይሰማል። ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ጌዴኦ ውስጥ ጉዳይ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ በአደባባይ ይሰማል፤ የነጋዴው ሳሎንም ትንሽ ሶንጎ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ስልክ ሞት ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

የውጭ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ያጋባኝ እዚህ ላይ ነው። እዚያ ስልክ ይጮኻል፣ ሰው ይሞታል፣ እጀታ ይወድቃል። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ባለበት። ሩቅ ላለው የሚደወልለት «ትንሽ አሟታል፣ ና» ለማለት ብቻ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ሳለ ስለ እናቱ እንዲሁ ተባለ። ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝዋይን፣ ሻሸመኔን አልፎ መጣ። በኋላ ሲያወራን «ሀዋሳ ስደርስ አውቄው ነበር» አለን። «ታዲያ ለምን አላለቀስክም?» ስንለው፣ «አውቶቡስ ውስጥ ማን ይይዘኛል?» አለ።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ጓደኛህን ሊገድል በር ላይ የቆመ ሰው እንኳ «ቤት አለ?» ብሎ ቢጠይቅህ መዋሸት አይገባም ይላል። ለእሱ «አሟታል» ብሎ የደወለው ዘመድ ጥፋተኛ ነው። ክርክሩን አልንቀውም። የአጎቴን እውነት ሌላ ሰው ነው የያዘበት፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ እንዳያውቅ ተፈርዶበታል። እንደ ሕፃን መቆጠር ነው፣ ይህም ያማል።

ሆኖም «አሟታል» በእርግጥ ውሸት ነው ወይ? የሚደውለውም የሚደወልለትም ትርጉሙን ያውቃሉ። ማንም ሳይናገረው የተስማሙበት ቋንቋ ነው፤ የሚለው «መሸከሚያ ሰው ጋ እስክትደርስ እውነቱን እኛ እንያዝልህ» ነው። የሂችኮክ ግዙፍ ስልክ እንደዚያ ነው። ሰውየው ያጋነነው እንዳናይ ሳይሆን እንድናይ ነው። 1955 ውስጥ የተገኘው ባለቁልፍ ስልክ ግን ለማንም አልተጨነቀም፤ «ማን ያይብናል» ብሎ የተቀመጠ ነው። የምጠላው ይህንን ንቀት ነው እንጂ ስህተቱን ብቻ አይደለም።

ችግሩ፣ ያ ቋንቋ የሚሠራው ስልክ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ነበር። ቤት ሲደወል አጠገብ ሰው አለ። ዛሬ ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ ብቻችንን ያገኘናል። ዘመድ «አሟታል» ሳይል በፊት የሟች ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ውጭ አገር ያሉት ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አልጋቸው ውስጥ ሆነው ያዩታል። ከዚያ በኋላ ስለ እውነት መናገር ግዴታ ካንትን መጥቀስ ቀላል ነው፤ ግን እውነቱን የነገረው ማን ነው? የሚይዘውስ?

በቅርቡ ይህን ሁሉ ለወንድሜ አወራሁትና «አንድ ቀን መደወል ካለብህ ‹አሟታል› እንዳትለኝ» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበልህ?»

«‹ና› በለኝ። ‹ና› ብቻ።»

ትንሽ ዝም አለ። «እሱንስ ስልህ» አለኝ፣ «አታውቅም?»