የጾም ሽሮና የበሶብላ መዓዛ

ጾመኛ ከሥጋና ከቅቤ ከተከለከለ በኋላ ምግቡን በመዓዛ ቢያጣፍጥ ከጾሙ ዋጋ ይጎድልበታልን? ይህ ጥያቄ ከሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ በማድ ቤት የሚነሣ ትንሽ ጥያቄ ቢመስልም፣ የሥጋንና የነፍስን ግንኙነት፣ የደስታንና የትሕርምትን ወሰን የሚነካ በመሆኑ ችላ ሊባል የሚገባው አይደለም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን በገባ ጊዜ፣ ሥጋው፣ ወተቱና ዕንቁላሉ ከቤት ርቆ የቅቤው ዕቃ ታጥቦ በተደፋ ጊዜ፣ የባለቤቲቱ እጅ ወዲያው የሚዘረጋው ደርቆ ወደ ተቀመጠው በሶብላ ነው፤ በኑግ ዘይት የተሠራው ሽሮ ገና ከምድጃው ሳይወርድ መዓዛው ደጅ ድረስ ስለሚሸት፣ ነገሩን አጥብቀው የሚመለከቱ አንዳንድ ጾመኞች «አፍን የሚያስጎመጅ ጾም ምን ጾም ነው?» ሲሉ ይሰማሉ። እነዚህ ሰዎች የሚሉት ከቅንዓት የመጣ ስለ ሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

አስቀድሞ ግን ተክሉን ማወቅ ያሻል። በሶብላ ሰፊ መሬትና ብዙ ድካም አይፈልግም። ዘሩ ጥቁርና ደቂቅ ስለ ሆነ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም፤ ዝናብ ሲይዝ በሰኔ በለሰለሰ መሬት ላይ ተበትኖ ስስ አፈር ቢለብስ ይበቃዋል። ውርጭ ጠላቱ ነው፤ ስለዚህ ከብርዳም ደጋ ይልቅ በወይና ደጋ ጓሮ ይበረታል። ጫፉን በጣት እየቀነጠሱ የያዙት እንደ ሆነ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያበዛል፤ የተዉት እንደ ሆነ ግን ወደ ላይ ቀጥኖ ፈጥኖ ያብባል። ያበበው ጫፍ ከነቅጠሉ ተቈርጦ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሶብላ አካሉ ይቀራል እንጂ መዓዛው በንኖ ይጠፋል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ፣ ሰው ሳይነካው ሽታውን በመጠኑ ብቻ የሚገልጠው ይህ ተክል፣ ወደ ማድ ቤት የምታልፍ ሴት ቀሚስዋ ዳሰስ ቢያደርገው፣ ሕፃንም ቅጠሉን በጣቱ ቢያሸው፣ በቅጠሉ ላይ በደቃቅ ከረጢቶች የተቋጠረው ዘይት ፈንድቶ መዓዛው በእጅና በልብስ ላይ ሲውል ማየት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህ ዘይት ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መሣሪያ ነው ይላሉ፤ እኔም አልቃወማቸውም። ሆኖም ለአንድ ቅጠል መከላከያ የተሰጠው ነገር ለሰውም ሐሴት እንዲሆን መታደሉ፣ ፈጣሪ ለፍጥረቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ሰፍሮ የሚሰጥ ሳይሆን አትረፍርፎ የሚቸር መሆኑን ያስረዳኛል።

በሶብላ በፍስክ ወራት ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ቅቤ ይነጠርበታል፤ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲደለዝ እርጥቡ ይገባበታል፤ ለምጥን ሽሮም ከተቈላው እህል ጋር ተደባልቆ ይፈጫል። ከፍስክ ማዕድ ወደ ጾም ማዕድ ስንሻገር ሳይለየን አብሮን የሚሻገር በመሆኑ ነው ጥያቄው በእርሱ ላይ የተነሣው።

መጻሕፍትን ብንጠይቅ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ምስክሮች እናገኛለን። ነቢዩ ዳንኤል በምዕራፍ 10 እንደ ተጻፈው ሦስት ሳምንት ባዘነ ጊዜ፣ ከሥጋና ከወይን ብቻ ሳይሆን ከማለፊያ ምግብ ሁሉ ተከልክሎ፣ ዘይትም ሳይቀባ ሰነበተ። ጌታችን ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ ራሱን ተቀብቶ ጾሙን ከሰው ሰውሮ እንዲጾም አዘዘ። ዳንኤል ኀዘንተኛ ነበርና ኀዘኑ መዓዛን አስጣለው፤ ጌታ የነቀፈው ደግሞ ፊታቸውን አጠውልገው የሰው ምስጋና የሚሹትን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ እንደየጊዜያቸውና እንደየሰዉ ኅሊና የሚሠሩ ናቸው እንጂ አይጣሉም። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ የጾም ዓላማ ፈቃደ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ በዚህ ሚዛን ስንመዝነው መጠየቅ የሚገባን መዓዛው ሥጋን በነፍስ ላይ ያነግሥ እንደ ሆነ ነው። በሶብላ ሆድ አይሞላም፣ ሰውነትንም አያደልብም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሦ የዋለውን ድኩም ሥጋ ያጽናናዋል እንጂ አያሠለጥነውም። ማዕዱን እያማረረ 55 ቀን የጾመ ሰው ቀኑን ሁሉ ስለ መብል ሲያስብ ይውላል፤ ጥቂት መዓዛ አግኝቶ አመስግኖ የተነሣ ሰው ግን መብሉን ረስቶ ወደ ጸሎቱ ይሄዳል። እንደ እኔ አሳብ ከሁለቱ የተሻለ የጾመው ሁለተኛው ነው።

መዓዛ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ለመቅደስ የታዘዘውን ዕጣን በዚያው ምጣኔ ለገዛ ራሱ ሊያሸት የሚሠራ ሰው ከሕዝቡ እንዲለይ ተደንግጓል። ለእግዚአብሔር ብቻ የተለየ መዓዛ አለና ሰው ወደ ቤቱ ሊያወርደው አይገባም፤ በሶብላ ግን ከመጀመሪያውም ለማድ ቤት የተሰጠ ነው። ደግሞም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም የጌታን እግር በናርዶስ ሽቱ ቀብታ ቤቱ በመዓዛ በሞላ ጊዜ፣ ይሁዳ ሽቱው በ300 ዲናር ተሸጦ ለድሆች አለመሰጠቱን ነቀፈ። ይሁዳ ለድሆች አስቦ ባይናገረውም፣ ስለ ጾም ማዕዳችን ጥያቄው ሊያስፈራን ይገባል፤ የጾሙ ገበታ በዓይነት በዝቶ ወጪው ከፍስኩ ሲበልጥ፣ ለምጽዋት ሊውል የሚገባው ገንዘብ ዞሮ ወደ ራሳችን ሆድ ይገባልና። በእጅ መታጠቢያ ውሃ የሚያድገው የጓሮ በሶብላ ከዚህ ወቀሳ ነጻ ነው። አበውም መጠንን ያውቁ ስለ ነበር የመዓዛንም ጾም ለይተው አኖሩልን፤ ባቄላና ስንዴ ተቀቅሎ በሚበላው የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ላይ በሶብላ ይነስነስልኝ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ጌታ ከጓሮ ቅመማቸው አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ፈሪሳውያን ሲገሥጽ፣ አሥራቱን ተዉ አላለም፤ ያንን ሳትተዉ ይህን አድርጉ አለ እንጂ። ስለዚህ ጓሮ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በሰኔ በሶብላ ዝሩ፤ እርጥቡ ለነሐሴው ጾመ ፍልሰታ ይደርስላችኋል፤ ሲያብብም ቈርጣችሁ በጥላ አድርቁና ለዐቢይ ጾም አስቀምጡት። ከደረቀውም ከዘሩም ከፍላችሁ ጓሮ ለሌለው ጎረቤታችሁ ከቅበላ በፊት ስጡት።