ገንፎውና ስንጥሩ

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ቡና እየጠጣን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣና ቴሌብሩን ከፍቶ አሳየኝ። ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በዚያው ወር በ6 ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ልጁ 30,000 ብር አጠራቅሟል፤ 100 አክሲዮን ሊገዛ አስቧል። ጣቱ ግን ክፈል የሚለው ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ጠዋት ጓደኛው «ሳያልቅ ግዛ፣ ኋላ ይቆጭሃል» ብሎታል። ማታ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ «ገንዘብህን እንደጣልከው ቁጠረው» አለው።

«ጋሼ፣ የትኛውን ልመን?» አለኝ።

ጥያቄው ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሴ አልወጣም። ልጁ ሳያስተውለው አክሲዮኑን መመዘን ትቶ ሰዎቹን እየመዘነ ነበር። ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ሚዛናችን ደግሞ ከመጀመሪያውም ያጋደለ ነው። የሚያሞግስ ሰው የዋህ ወይም ደላላ ይመስለናል። የሚያጣጥል ግን ነገር የገባው፣ ብዙ ያየ ሰው መስሎ ይታየናል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ሲባል እየሰማን አድገናልና አያስገርምም። ነገር ግን ተረቱ ስንጥር አለ ብሎ ገንፎውን ድፋው አይልም። እየበላህ ተጠንቀቅ፣ ማንኪያህን አስገብተህ እይ ነው የሚለው። ሳያይ የሚደፋ ሰው ሳያይ ከሚውጠው በምን እንደሚሻል አይገባኝም።

ማጣጣል የሚበዛበት ሌላም ምክንያት አለ። ግዛ ብሎ ያከሰረንን ሰው እንወቅሰዋለን፤ ለቅሶ ቤት ስናገኘው እንኳ ፊታችንን እናዞርበታለን። አትግዛ ብሎ ያስቀረንን ግን ማን ይጠይቀዋል? ያልገባልን ትርፍ ደረሰኝ የለውም። የሚያስፈራራ ሰው ቢሳሳትም ዕዳው አይታይም፤ እንዲያውም «ለአንተ አስቤ ነው» ብሎ ይመሰገናል።

ይህን ስል የሚያጣጥል ሁሉ ይሳሳታል ማለቴ አይደለም። የጀርመኑን የክፍያ ኩባንያ ዋይርካርድን እናንሳ። በ2019 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ ስለ ኩባንያው ሂሳብ መጭበርበር ሲጽፍ፣ ባፊን የተባለው የጀርመን ተቆጣጣሪ ተቋም በዋይርካርድ አክሲዮን መውደቅ ለማትረፍ የሚገበያዩትን ለሁለት ወር አገደ፤ በጋዜጠኞቹም ላይ የወንጀል አቤቱታ አቀረበ። ክርክሩ ስለ ተናጋሪዎቹ ሆነ፤ ምን ፈልገው ነው፣ ማን ከፈላቸው? በእርግጥ በውድቀቱ የሚያተርፉ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥቅም ያለው ምስክርም እውነት ሊናገር ይችላል። የተጻፈው ነገር ሰነድ ነበረው፤ ሄዶ ማየት ይቻል ነበር። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. የኩባንያው ገንዘብ ተቀምጦባቸዋል የተባሉት የፊሊፒንስ ባንኮች ሲጠየቁ፣ እኛ ዘንድ የለም አሉ። 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ ኩባንያውም በዚያው ወር ከሰረ።

ሙገሳም እውነት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ያኔ ነው። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ብዙ ሺህ ሰው የጌምስቶፕን አክሲዮን ግዙ ሲባባል መነሻው ባዶ ወሬ አልነበረም። ጌምስቶፕ የቪዲዮ ጌም የሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዋጋው ይወድቃል ያሉ ነጋዴዎች ተበድረው የሸጡት አክሲዮን፣ ገበያው ላይ ለሽያጭ ከሚገኘው በልጦ ነበር። ይህ ተረጋግጧል። ዋጋው ከጨመረ እነዚያ ሰዎች ዕዳቸውን ለመመለስ በግድ ይገዛሉ፤ እነሱ ሲገዙ ዋጋው ይብስ ይጨምራል። እንደተባለውም ሆነ፤ ወሩ ሲገባ 20 ዶላር ያልሞላው አክሲዮን በ27ኛው ቀን ከ347 ዶላር በላይ ዘጋ። ወር ሳይሞላው 40 ዶላር አካባቢ ወረደ። ያ እውነት የሚያስኬደው «ዋጋው ለጊዜው ይጨምራል» እስከሚለው ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ግን «ኩባንያው ይህን ያህል ያወጣል» ድረስ ተሳፈረበት።

ለእህቴ ልጅ ያልኩት «ሁለቱንም በምን አወቃችሁ በላቸው» ነው። ጓደኛው «ሰው ሁሉ እየገዛ ነው» አለው። የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለውን የሽያጩን ሰነድ ስንከፍት ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ ጓደኛው ምን ያህሉ እንደተሸጠ አያውቅም። ሽያጩ የካቲት 7 ሲዘጋ 47,377 ሰዎች የገዙት 10.7 ሚሊዮኑን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሲሰማ ወንድምየው «አላልኩህም?» አለ። እሱም ተሳስቷል፤ ቁጥሩ ስንት ሰው እንደገዛ እንጂ ኩባንያው ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም።

ሆኖም ያን ጊዜ፣ በጥቅምት፣ በምን አወቅህ ሲባል ወንድምየው አንድ ደህና ነገር ተናግሮ ነበር። «እሺ፣ ገንዘቡ ቢቸግርህ ለማን ትሸጠዋለህ?» አለው። አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተመረቀው ጥር 2 ቀን ነው። ልጁ መልስ አልነበረውም። ሰነዱን ስልኩ ላይ አንድ ሳምንት አነበበ፤ ስለ ስጋት የሚያወራውን ክፍል ሁለት ጊዜ። ከዚያ 33 አክሲዮን ገዛ፤ የቀረውን ገንዘብ ባንክ ተወው።