ባለቤት የሌለው ሐረግ

ባለቤት የሌለውን ነገር ማጥፋት ጥፋት ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን መልሱ አስቸግሮኛል።

ለሥራ ወደ ዱራሜ ሄጄ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐምበሪቾ ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር አዞ ሐረግ አጥር ለአጥር ተስቦ በነጭ አበባ ተሸፍኗል። አንድ ሽማግሌ በገጀራ ይመነጥሩታል። «አባባ፣ ምነው እንዲህ ያማረውን?» ብላቸው፣ «ማን ተከለው ልጄ? ባለቤት እኮ የለውም» አሉኝ።

ልፈርድባቸው ቃጣኝ። እኔስ? አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ሐረግ ከአጥሬ ነቅዬ በምትኩ በገንዘቤ የገዛሁትን ቡገንቪሊያ ተክያለሁ። የቡገንቪሊያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዋጋ የከፈልኩበትን ውኃ እያጠጣሁ፣ ማንም ሳያጠጣው የበቀለውን ግን አረም አልኩት። ጀርመናዊው ፍሬዜኒዩስ በ1837 እ.ኤ.አ. ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ብሎ ሲመዘግበው በሰሜን ተራሮቻችን ስም ሰይሞታል። ባዕድ በአገራችን ስም የጠራውን እኛ ስም ነፈግነው ማለት አይደለምን?

በእርግጥ ሐረጉም እንከን አለው። በቅጠሉ ዘንግ እየተጠመጠመ ሲወጣ ዛፍ ያፍናል፤ ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል። የከምባታ ገበሬ መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። ለኑሮው ሲል የቆረጠውን ማን ይወቅሰዋል?

ነገር ግን «ያስፈልገኛል» እና «ባለቤት የለውም» አንድ ምክንያት አይደሉም። የመጀመሪያው ልክ አለው፤ ያስፈለገው ሲሟላ ገጀራው ይቆማል። ሁለተኛው ግን ማቆሚያ የለውም። ዛሬ ሐረግ ላይ የተነገረው ነገ በጫካውና በምንጩ ላይ ይነገራል። ከዚያም ጠያቂ ዘመድ በሌለው የቲም ላይ ይደርሳል። ደካማን የሚበድል ሁሉ «ማን ይጠይቀኛል?» ብሎ አይደለምን የሚጀምረው?

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ባለቤት የሌለው ነገር የሁላችንም አማና ነው። አንቆርጥም አልልም፤ ስንቆርጥ ግን ምክንያታችን ችግራችን ይሁን እንጂ የተቆራጩ ጠያቂ ማጣት አይሁን።

በዚህ ክረምት ከአጥሬ ሥር አንድ የአዞ ሐረግ ቀንበጥ ብቅ ብሏል። ቡገንቪሊያውን አላስቸገረውም፤ እኔም አልነካሁትም።