ቅርሱን ከነዕዳው

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለአዲስ መጤዎች በተቋቋመ ማኅበር አዳራሽ የጥቁሮች ታሪክ ወር የሚከበርበት ፌብሯሪ ሲገባ የሚታየው የታወቀ ነው። የሲቪል መብት ታጋዮቹ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮዛ ፓርክስ ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ፤ ጥግ ላይ ረከቦት ይቀመጣል፤ የዓድዋ መታሰቢያም ቅርብ ስለሆነ ምኒልክና ጣይቱ ከጎናቸው ይሰለፋሉ። ንግግር ይደረጋል፣ ቡና ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል። በዓሉ ያምራል። ነገር ግን ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ሲያከብር በምን መብቱ ነው? ለምንስ ይበጀዋል?

ለዚህ ሁለት መልሶች እንሰማለን። አንደኛው «ሁላችንም ጥቁሮች ነን፤ ታሪኩ የሁላችንም ነው» ይላል። ሌላው «እኛ ሐበሾች ነን፤ በባርነት አልተሸጥንም፤ ያ የእነሱ ነው» ይላል። ፊተኛው ያልተማረውን ታሪክ በመልኩ ብቻ የራሱ ያደርጋል። ኋለኛው መንገድ ላይ ያስቆመው ፖሊስ የትውልድ ሐረጉን እንደማይጠይቀው ይዘነጋል። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው፤ ውርስ ከነዕዳው ነው። የሟችን ቤት የተረከበ ብድሩንም ይረከባል። የጥቁሮች ታሪክ ወር ለመጤ ማኅበር ትርጉም የሚኖረው ይህን ዕዳ ቆጥሮ ሲያውቅ ነው።

ዕዳው የት እንዳለ ለማየት እዚያው አዳራሽ ማታ የሚሰጠውን የዜግነት ፈተና ትምህርት መመልከት ይበቃል። ነጠላ ያጣፉ እናት ካርዱን ያነሣሉ። «ማርቲን ሉተር ኪንግ በምን ይታወቃል?» ይላል። «ለሲቪል መብት ታገለ» ብለው በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ይመልሳሉ። አስተማሪው «ጎበዝ እማማ!» ይልና ወደሚቀጥለው ካርድ ያልፋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ለፈተናው ይበቃል። ያ ትግል እሳቸውን እዚያ ወንበር ላይ ካስቀመጧቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም።

በ1924 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የወጣው የአሜሪካ ሕግ መጤዎችን በየአገሩ በኮታ ይመጥን ነበር። ሰፊው ድርሻ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሲሆን ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በአውቶቡስ፣ በምግብ ቤትና በምርጫ ጣቢያ ደጃፍ እየተደበደቡና እየታሰሩ ያካሄዱት ትግል የ1964ን የሲቪል መብት ሕግ አስገኘ። በአገር ውስጥ መድልዎን የከለከለ መንግሥት ድንበሩ ላይ ሰውን በትውልድ አገሩ እያበላለጠ መቀጠል ከበደው፤ በ1965 የኮታው ሥርዓት ተሻረ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሲከተል፣ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የከረሙ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ገቡ። ያው የ1964 ሕግ አሠሪ ሠራተኛውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያባርር ይከለክላል። ዛሬ በሆቴልና በፓርኪንግ የሚሠራው ወገናችን የሚከላከልበትን ሕግ ያስገኙለት ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ይህን አለማወቅ ጣጣ አለው። በ2005 በዋሽንግተን ሾው በሚባለው ሰፈር፣ 9ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ቦታው «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ሲጠይቁ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠማቸው። የእኛ ሰዎች ተዘግተው የከረሙ ሱቆችን በላባቸው አንቀሳቅሰዋል፤ ይህ አይካድም። ነዋሪዎቹ ግን ያ አካባቢ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ጥቁሮች ሌላ ቦታ በማይገቡበት ዘመን የራሳቸውን ቲያትርና ንግድ ያቆሙበት፣ ኪንግ በተገደሉበት በ1968 በቃጠሎ የተጎዳ ሰፈር መሆኑን ያስታውሳሉ። ሌላው ሲሸሽ እነሱ ቀርተዋል። ስለዚህ ቅሬታቸው ከኢትዮጵያ ስም ጋር አልነበረም፤ የራሳቸው ስም እንዳይሸፈን ነበር።

የሚያስቆጨው፣ ከዚያው ጎዳና በእግር የሚደረስበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሁለቱን ወገኖች ዝምድና የሚመሰክር መሆኑ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን፣ ከ1922 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካን ታሪክ እዚያ አስተምረዋል፤ በ1964ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ነው፤ በ1937 ኒውዮርክ ላይ ለአገራቸው ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ከጎናቸው የቆሙት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አውሮፕላን አብራሪው ጆን ሮቢንሰንም ጣሊያን ከመውረሯ ጥቂት ቀደም ብሎ ከቺካጎ መጥቶ በጦርነቱ አብሮን ተሰልፏል። ዓድዋ ለእነሱ ኩራት ሆኗል እያልን እንናገራለን፤ እውነት ነው። እነሱ በችግራችን ቀን የሰጡንን ግን በዚያው አዳራሽ ስናነሣ እምብዛም አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ዕዳ ግን የገዛ ቤታችን ነው። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል። አዳራሹ ውስጥ ከጋምቤላ ወይም ከቤኒሻንጉል የመጣ ወገን ቡናውን እየጠጣ፣ ከበስተኋላው ይህ ቃል በቀልድ መልክ ሲወረወር ከሰማ፣ የሮዛ ፓርክስ ፎቶ ለእሱ ምን ይነግረዋል? የሌላውን በደል እያወገዙ የራስን መሸፈን ክብር አይደለም። እንዲያውም መጤው ማኅበር ለጥቁሮች ታሪክ ወር ሊያዋጣው የሚችለው አንድ ቁም ነገር ይህን ስድብ በራሱ አንደበት፣ በራሱ ቋንቋ ማውገዝ ነው።

ለወሩ መሠረት የጣለው ካርተር ውድሰንም ያሰበው ከድግስ የሰፋ ነበር። ከባርነት ከወጡ ወላጆች ተወልዶ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፍሮ፣ በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬት የተቀበለው ይህ ሰው በ1926 ሳምንቱን ሲጀምር፣ የጥቁሮች ታሪክ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ለመግፋት ነበር። ሳምንቱ ወር የሆነው በ1976 ነው። ማኅበሮቻችንም ከዚህ መጀመር ይችላሉ። አዲስ የገባውን ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲያስወጡለት፣ በየትኛው ሕግ እንደገባና ሕጉ በማን ትግል እንደመጣ አብረው ይንገሩት። የዜግነት ፈተናው አስተማሪ ከኪንግ ካርድ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆይ። የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሽማግሌዎችም ለበዓሉ ቀን በእንግድነት ብቻ ከመጠራት ይልቅ፣ በማርችም በጁንም መጥተው ያስተምሩ። እኛም ወንበር ይዘን እንስማቸው።