ሳይወስዱ ማየት

በአፍሪካ ተራሮችና ደኖች ከሰው ርቀው የሚኖሩ፣ ቁጥራቸውም የመነመነ አራዊትን በፎቶግራፍ ለማንሣት ብዙዎች ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ ብርዱንና ድካሙን ይታገሣሉ። ይህ ሥራ በጎ ነውን? በጎ ከሆነስ በምን ሁኔታ? ጥያቄው ከክርስቲያናዊ ሕይወት የራቀ መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ዓይን ደጋግሞ መናገሩን ስናስታውስ፣ ማየት ራሱ የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን። ሰው በእጁ ሳይነካ በዓይኑ ብቻ ሊበድል ይችላል፤ በዓይኑም ሊያከብር ይችላል።

በቋንቋችን ፎቶግራፍ «ይነሣል» እንላለን። «ማንሣት» የሚለው ግስ ሁለት ፊት አለው። የወደቀውን ሰው እጁን ይዘን እናነሣዋለን፤ የሌላውን ንብረት ከስፍራው አንሥቶ የሄደውን ግን ሌባ እንለዋለን። ፎቶግራፍ አንሺም ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል፤ ያነሣውን ፍጥረት ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ወይም ለራሱ ይወስደዋል። የምንመረምረውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

ታሪኩ ራሱ ይህን ሁለትነት ያሳያል። ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ የተባለው ጀርመናዊ አዳኝ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ ዛሬ ታንዛንያ በምትባለው አገር፣ አራዊትን በሌሊት በብልጭታ ብርሃን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ ብልጭታንና ጠመንጃን አንድ ላይ የሚጠራ ነበር። ያው እጅ አንድ ሌሊት ሥዕል ይወስድ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ሕይወት። ዛሬ ጠመንጃው በአብዛኛው ተቀምጧል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የአዳኝነት መንፈስ ከጠመንጃው ጋር አብሮ መቀመጡን ማን ያረጋግጥልናል?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ዓ.ም. በኬንያ ላይኪፒያ በተባለው አውራጃ የተነሡ የጥቁር ነብር ፎቶግራፎች በዓለም ሁሉ ተሠራጩ። ፎቶግራፎቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ አንሺውም እንስሳውን ሳያሳድድ በመተላለፊያው ላይ መሣሪያ አኑሮ ሌሊቶችን ጠብቋል። የዜና ማሠራጫዎች ግን ነብሩን ከመቶ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደታየ አድርገው አወሩ። የአካባቢው ሰዎች አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ተመራማሪዎችም ወደዚያ የሄዱት የእነርሱን ወሬ ሰምተው ነው። በዘመናችን በመሣሪያ ያልተቀረጸ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው።

እምነታችን የሚያስተምረን ከዚህ የተለየ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ እግዚአብሔር የባሕርንና የምድርን እንስሳት ፈጥሮ መልካም መሆናቸውን ያየው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። እንግዲህ ማንም ያላየው አውሬ አስቀድሞ ታይቷል፤ መልካምነቱም ተመስክሮለታል። መጽሐፈ ኢዮብ 39ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ በረሓ ፍየሎች የመውለጃ ጊዜ ይጠይቀዋል፤ ኢዮብ መልስ የለውም። የስሜን ዋልያ በገደል ጫፍ ስትወልድ የሚያውቅ ጌታ አለ፤ እኛ ብናይም ባናይም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም የፍጥረታት ብዛትና ልዩነት ከእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ሲያስረዳ፣ አንድ ፍጥረት ብቻውን የፈጣሪን ቸርነት ሊገልጥ ስለማይችል አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላ ብዙዎች ተፈጠሩ ይላል። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ በእኛ ምክንያት የጠፋ ፍጥረት በሕልውናው እግዚአብሔርን ማክበሩን እንደሚያቋርጥ አሳስበዋል። ስለዚህ ብርቅ እንስሳ ፊት የሚቆም ሰው የሚገባው በሌላ ቤት ነው፤ እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም።

እንግዳ እንዴት መቅረብ እንደሚገባው ለመማር ወደ መንዝ እንሂድ። የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በዚያ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥና ፍልፈል ያድናል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በዓለም የቀሩት ዐዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታተመ የጓሳ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ያህል ይሳካለታል፤ ከእነርሱ ተለይቶ ሲያድን ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። ቀስ ብሎ ይራመዳልና፤ ሊነጥቃቸው በሚችልበት ርቀት ያሉትን ግልገሎች አይነካምና። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ሊነጥቅ ሞከረ፤ መንጋው ተነሥቶ አስጣለው፤ አሳደደው፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከለው።

ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ቀርቦ መኖር የተፈቀደለት ሊወስድ የሚችለውን ያልወሰደው ነው። ፎቶግራፍ አንሺም በዚሁ ይለካል። የቀበሮ ግልገሎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይወለዳሉ፤ ሰው ጉድጓዳቸውን ቢከብብ እናቲቱ ልጆችዋን በአፏ ተሸክማ ወደ ሌላ ስፍራ ለመሰደድ ትገደዳለች። ይህ በጥቂት ሜትሮች ለቀረበ ሥዕል የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ከፋዩ ግን አንሺው አይደለም። ምግብ ጥሎ እንስሳን ማቅረብም እንዲሁ ነው። የተጣለ ምግብ አውሬውን ወደ መንገድና ወደ መንደር ውሾች ያስጠጋዋል። የውሻ በሽታ በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04፣ በ2008–09 እና በ2014 ዓ.ም. ቀበሮዎችን ደጋግሞ እንደፈጀ እናውቃለን። በምግብ ተታሎ የቀረበውን አውሬ በራሱ ፈቃድ እንደመጣ አድርጎ ማሳየት ደግሞ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው፤ ስምንተኛው ትእዛዝ ለሥዕልም ይሠራል።

ይህን ስንል ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም። ሰው የማያውቀውን አይወድም፤ የማይወደውንም አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮዎች በባሌ ደጋ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበውን ቀይና ቢጫ አበባ ሲልሱ ማየታቸውን አስታወቁ። አፍንጫቸው በአበባ ብናኝ ተሸፍኖ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች፣ ይህ ሥጋ በል እንስሳ እንደ ንብ አበባን ከአበባ ያዳቅል ይሆን የሚል አዲስ ጥያቄ አስነሡ። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በእውነት «አንሥቷል»፤ ማንም ያላሰበውን የፈጣሪ ጥበብ ከፍ አድርጎ አሳይቷል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የአበባውን ጣፋጭነት መጀመሪያ ያወቀው የእረኞች ልጆች ሲልሱት አይቶ መሆኑን መግለጡም ያስደስታል። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ የሚናገር ሰው ሌባ አይደለም።

ስለ እረኞቹ ካነሣን አይቀር፣ የፍትሕን ጉዳይ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። የጓሳ ደጋ ሰው ያልደረሰበት ስፍራ አይደለም። የመንዝ ሕዝብ «ቀሮ» በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነው ጊዜ ብቻ እየከፈተ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር በስምምነት ያጭድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ቀበሮው እስከ ዛሬ የቆየው ድሆች ገበሬዎች ማጭድ ይዘው ሳለ ከማጨድ ስለታገሡ ጭምር ነው። ታዲያ እረኛውን ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ አስቀርቶ ስፍራውን ሰው የማያውቀው ምድረ በዳ አድርጎ ማሳየት ለአውሬው ክብር የሰጠ ይመስላል፤ የጠበቀውን ሰው ግን ይሰርቃል።

ሰው ተርቦ ሳለ ስለ ቀበሮ ማሰብ ቅንጦት አይደለምን? የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ስለሆነ ከእንስሳ ይበልጣል። ነገር ግን ቀበሮው የሚኖርበት ደጋ የውሃ እናት ነው። ገናሌንና ዋቢ ሸበሌን የሚመግቡ የባሌ ምንጮች እስከ ሶማሊያ ቆላ ድረስ ሕዝብ ያጠጣሉ። ደጋውን የሚጠብቅ ቀበሮውንም፣ በቆላ ያለውን የማያውቀውን ወንድሙንም ይጠብቃል። ደግሞም ዓይን አንድ ነው፤ እንስሳን እንደ ምርኮ ማየት የለመደ ሰው፣ ድሀውንና ሐዘንተኛውን በሌላ ዓይን ያያል ብለን ተስፋ ማድረግ ያስቸግረናል።

ውድ ምእመናን፣ ከመካከላችን የአራዊት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ጥቂት ነው፤ በኪሱ የፎቶግራፍ መሣሪያ ያለበት ስልክ የሚይዝ ግን ብዙ ነው። በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በቅዳሴ ሳይቀር ስልኩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከማንሣታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ይህን ሥዕል ሳላገኝ በደስታ ልመለስ እችላለሁን? አልችልም የሚል ሰው የያዘው ፍቅርን ሳይሆን ስስትን ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጆችን አንድ ቀን ያለ ስልክ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይዛችሁ ውጡ፤ ወፍ እስኪመጣ በዝምታ አስቀምጧቸው። ወፉ ባይመጣም ትምህርቱ አልጠፋም፤ እግዚአብሔር ፍጥረቱን በእኛ ሰዓት እንዲያቀርብልን እንደማይታዘዝ ይማራሉና።

በባሌ ሐረና ደን ውስጥ አንበሶች አሉ። በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ሳያያቸው ያልፋል። ያላየው መንገደኛ ምንም አልጎደለበትም፤ አንበሶቹ በጫካው ውስጥ ናቸው፤ የፈጠራቸውም ያያቸዋል። የሁላችንን ዓይን ንጹሕ ያድርግልን፤ አሜን።