ደብተሩን ያዋሰው ራፐር

የሂፕ ሆፕ የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሲነሱ ማንም የማይዘላቸው ስሞች አሉ። ሜሊ ሜል፣ ኩል ሞ ዲ፣ ራን ዲኤምሲ፣ ኬአርኤስ ዋን፣ ቸክ ዲ፣ ራኪም፣ ኤምሲ ላይት፣ አይስ ኪዩብ። ሁሉም ይገባቸዋል። እኔ ግን ከእነርሱ በፊት የማነሳው አንድ ሰው አለኝ። ድምፁ ሳይሰማበት፣ ስሙም ሳይጻፍበት ቃሉ ብቻ በሸክላ ታትሞ ዓለምን የዞረ ሰው ነው። ከርቲስ ብራውን ይባላል፤ የኒው ዮርኩ ብሮንክስ ግን ግራንድማስተር ካዝ ብሎ ነው የሚያውቀው። ግጥም የሚጽፍ ወጣት ሁሉ ታሪኩን ሊሰማው ይገባል ብዬ አምናለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ከመጨረሻው የአገራችን አዋጅ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻውን ብዙዎች ያውቁታል። ኦገስት 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ የልብስ መግዣ ብር ፈልጋ በብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኘው የመኖሪያ ሕንፃ የጋራ አዳራሽ ውስጥ ጭፈራ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ የመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ። ኸርክ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። ጨፋሪው የሚያብደው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየመለሰ ያቺን ቦታ ያስረዝማት ጀመር። በምቱ ላይ ኮክ ላ ሮክ የሚባል ጓደኛው ማይክ ይዞ የእንግዶቹን ስም እየጠራ፣ አጫጭር ቃላት እየወረወረ ቤቱን ያሞቅ ነበር። ራፕ የተወለደው ከዚህ ማሟሟቂያ ነው።

ስለ ኸርክ የሚነገር አንድ ነገር ዘወትር ያስደንቀኛል። የሚያጫውተውን ሸክላ ተፎካካሪ አይቶ እንዳይገዛው፣ መሐል ላይ ያለውን ስም የተጻፈበትን ወረቀት በውኃ አርሶ ይልጠው ነበር። የብሮንክስ ልጆች እንግዲህ ሀብት መጠበቅ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የሚጠብቁት ግን ሸክላውን እንጂ ቃሉን አልነበረም። ቃል ከአፍ ወጥቶ በዚያው ሌሊት የሚያልቅ ነገር መስሎ ይታያቸው ነበር፤ ሊሸጥ፣ ሊታተም፣ ሊወረስ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ካዝ በኸርክ ጭፈራዎች ላይ የተገኘ ልጅ ነው። ዲጄ ዲስኮ ዊዝ ከሚባል ጓደኛው ጋር ድምፅ ማጉያ ሰብስቦ በየመናፈሻው ማጫወት ጀመረ። ጁላይ 13 ቀን 1977 ምሽት መሣሪያቸውን ከመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ቀጥለው ሲያጫውቱ ድንገት ሙዚቃው ቆመ፤ ምሰሶው ጠፋ፤ ቀጣዩም ጠፋ፤ መንገዱ ሁሉ ጨለመ። ሁለቱ ልጆች የሰፈሩን መብራት ያጠፋነው እኛ ነን ብለው ደነገጡ። የጨለመው ግን ከተማው በሙሉ ነበር፤ ኒው ዮርክ እስከ ዛሬ የምታስታውሰው ታላቁ የመብራት መጥፋት ያ ነው።

ካዝን ከሌሎቹ የለየው ደብተሩ ነው። በዚያ ዘመን ዲጄውና ማይክ የሚይዘው ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ሌሎች «እጃችሁን አንሡ» በሚሉበት ሰዓት፣ እሱ ባለታሪክ፣ ጨዋታና ቁጭ የሚያደርግ መጨረሻ ያላቸውን፣ ቤት እየመቱ የሚሄዱ ረጃጅም ስንኞች ይደረድር ነበር። ካሳኖቫ ፍላይ የሚል ቅጽል ስም ስለነበረው፣ እንደ ዘመኑ ልማድ ይህን ስሙን በግጥሙ ውስጥ ፊደል በፊደል ያስገባው ነበር።

አሁን ሄንሪ ጃክሰን ይመጣል፤ ቢግ ባንክ ሃንክ። የምሽት ክበብ በር ጠባቂ ሆኖ ከካዝ ጋር ተዋወቀ፤ ቆየት ብሎም የካዝ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ለቡድኑ የተሻለ ድምፅ ማጉያ ለመግዛት ከወላጆቹ ብር ተበደረ፤ ያንን ለመክፈል ከሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግልዉድ በሚባል ከተማ ፒዛ ቤት ተቀጠረ። እዚያ ሊጥ እየዳመጠ የካዝን ካሴት ይከፍትና አብሮ ይል ነበር።

በዚያችው ከተማ ሲልቪያ ሮቢንሰን ትኖር ነበር። ቀድሞ ዘፋኝ የነበረች፣ ጆሮዋ ንቁ የሆነ ሴት ነበረች። በ1979 ሃርለም ውስጥ አንድ ክበብ ገብታ ሕዝቡ በራፕ ሲሰክር አይታ፣ ይህ ነገር በሸክላ ቢወጣ ይሸጣል ብላ ወሰነች። ልጇ ፒዛ ቤት ውስጥ አንድ የሚያንጎራጉር ሠራተኛ አለ ብሎ ወሰዳት። ሃንክ ከነሽርጡ ወጥቶ መኪናቸው ውስጥ ገባና ያስታወሰውን ለቀቀው። እዚያው ላይ ሁለት ሌሎች ወጣቶች፣ ዎንደር ማይክና ማስተር ጂ፣ ተጨመሩና ሹገርሂል ጋንግ የሚባል ቡድን ቆመ። ከሦስቱ አንዱም በብሮንክስ መድረክ ስም ያተረፈ አልነበረም።

ሃንክ ወደ ካዝ ሄዶ ነገሩን ነገረው፤ ግጥም አበድረኝ አለው። ካዝ ራሱ በተለያዩ ጊዜያት እንደተናገረው፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ የፈለግኸውን ውሰድ አለው። ውል የለ፣ ምስክር የለ፣ የዋጋ ንግግር የለ። ሥራ አስኪያጄ ነው፣ ለእሱ ከተሳካ ለእኔም በር ይከፈታል ብሎ ነው ያሰበው። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ ለአዝማሪው ግጥም የሚወረውር ሰው በስንኙ ላይ ስሜ ይጻፍ እንደማይል፣ ካዝም ለአንድ ምሽት የሚሆን ቃል የሰጠ ነው የመሰለው።

ሹገርሂል ጋንግ የቀረጸው ዘፈን፣ «ራፐርስ ዲላይት»፣ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ረጅሙ ቅጂ ከ14 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በአሜሪካ የፖፕ ሠንጠረዥ 36ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ራፕ ከመጀመሪያዎቹ አርባ ዘፈኖች ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያም ባሕር ተሻገረ። ሃንክ ግጥሙን እንዳለ ስለወሰደው ካሳኖቫ ፍላይ የሚለውን ስም እንኳ አልለወጠውም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሳያውቀው የካዝን ስም ፊደል በፊደል ሲቆጠር ሰማ። ካዝ ግን በሸክላው ላይ በደራሲነት አልተጻፈም፤ ክፍያም አልደረሰውም።

ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በዚያ ሸክላ ላይ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነገር ሁለት ነው። አንዱ የካዝ ቃል ነው። ሁለተኛው ከሥር የሚሄደው የቤዝ ጊታር ዜማ ነው፤ እሱም ሺክ የተባለው ባንድ በዚያው ዓመት ካወጣው «ጉድ ታይምስ» የተወሰደ ነው። የሺኩ ናይል ሮጀርስ ዘፈኑን በአንድ የጭፈራ ቤት ሰምቶ የራሱ ሥራ መሆኑን አወቀ። ጠበቃ ቆመ፤ እሱና በርናርድ ኤድዋርድስ በደራሲነት እንዲጻፉና ድርሻቸውን እንዲያገኙ ተደረገ። ቤዙ የማን እንደሆነ የሚያሳይ የተመዘገበ ሥራ፣ አሳታሚ ድርጅትና ውል ነበረ። የቃሉ ባለቤት እጅ ላይ የነበረው ደብተር ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጁ አውሶታል። ከአንድ ሸክላ ሁለት ባለመብቶች ተነሥተው አንዱ ካሣውን ሲያገኝ ሌላው ባዶ እጁን የቀረው፣ የአንዱ ጥበብ ከሌላው ስለበለጠ አይደለም። ወረቀት ስለነበረውና ስላልነበረው ነው።

ብሮንክስ ሕግ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። የሌላውን ስንኝ የራስ አስመስሎ ማይክ ላይ መውጣት በሰፈሩ ትልቁ ነውር ነበር። ዳኛው ሕዝቡ ነው፤ ሌባውን ያውቀዋል፤ በጩኸት ከመድረክ ያወርደዋል። ይህ ዳኝነት በሰፈሩ ውስጥ ከማንኛውም ፍርድ ቤት የበለጠ ይሠራ ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለው ስቱዲዮ ግን ያ ሕዝብ የለም። የኢንግልዉድ ሰዎች ካሳኖቫ ፍላይ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ሸክላውን የሚገዛው የሎንዶን ወጣትማ ከወዴት ያውቃል? የካዝ ስሕተት፣ ስሕተት ከተባለ፣ የሰፈሩ ነውር ድልድዩን ተሻግሮ ይጠብቀኛል ማለቱ ነው። ሃንክንም እንደ ሌባ አድርጌ አላየውም፤ ጠይቆ ነው የወሰደው። በደሉ ከተሳካለት በኋላ ዞሮ አለመምጣቱ ነው። በ2014 አረፈ። ካዝ የራሱን ቃል «ኤምሲ ዲላይት» በተባለ ዘፈን በ2000 ተናግሯል።

ካዝ በዚህ አልተሰበረም። ኮልድ ክራሽ ብራዘርስ ከሚባለው ቡድን ጋር ሆኖ በዘመኑ የሚፈራ ተወዳዳሪ ነበር። የመድረክ ዝግጅታቸው በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዞር ነበር። ከእነዚያ ካሴቶች አንዳንዶቹ ኩዊንስ፣ ሆሊስ በተባለ ሰፈር ያለ አንድ ተማሪ እጅ ደረሱ፤ ያ ልጅ በኋላ ከራን ዲኤምሲ አንዱ፣ ዲኤምሲ የሆነው ነው። ኮልድ ክራሽ ለእሱ ምን ማለት እንደነበሩ ደጋግሞ መስክሯል። ራን ዲኤምሲ ራፕን ወደ ታላላቅ መድረኮች ሲያስገቡት፣ የካዝ እጅ በዚያ ውስጥ ነበረ።

የቃል ዋጋ ከዚያ በኋላ እየከበደ ነው የሄደው። በ1981 ዲሴምበር ሃርለም ወርልድ በተባለው ክበብ ኩል ሞ ዲ ብዚ ቢ የተባለውን ራፐር በግጥም ሲገጥመው፣ ሕዝብ ማስጮህ ብቻ የራፐር ሥራ መሆኑ አበቃ። በ1986 ራኪም መጣና ቤት የሚመታው በስንኙ ጫፍ ላይ ብቻ መሆኑን አስቀረ፤ በመሐልም በጎንም ያመታው ጀመር። ደብተር የሌለው ራፐር ከዚህ በኋላ ዋጋ አልነበረውም።

የስሙ ነገር ግን ቶሎ አልተስተካከለም። በ1982 የወጣው «ዘ ሜሴጅ» የድሃውን ሰፈር ኑሮ በግልጽ የተናገረ ታላቅ ሥራ ነው፤ የግራንድማስተር ፍላሽና የፉሪየስ ፋይቭ ስም ይዞ ወጣ። አብዛኛውን የጻፈው ግን የስቱዲዮው ሙዚቀኛ ዱክ ቡቲ ነው፤ ከቡድኑ ራፐሮች ዋናውን ሥራ የሠራው ሜሊ ሜል ነው፤ ፍላሽ ራሱ በሥራው ላይ የለበትም። የሹገርሂል ጋንጎቹ ዎንደር ማይክና ማስተር ጂም ከዓመታት በኋላ የገዛ የመድረክ ስማቸውን ለማስመለስ ሙግት ገጥመዋል፤ ሌላ ሰው በማስተር ጂ ስም መድረክ ይወጣ ነበር። በዚህ ላይ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ርእሱ «ስሜን መልሱልኝ» የሚል ነው።

ከካዝ አሥር ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ በኩል ሌላ ባለ ደብተር ተነሣ። አይስ ኪዩብ ለራፐሩ ኢዚ ኢ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ኤንደብልዩኤ በተባለው ቡድናቸው ታዋቂ ሥራዎች ውስጥ ብዙው ቃል የእሱ ነው። ውል ፈርም ተብሎ ብር ሲቀርብለት ጠበቃ ሳያየው እንደማይፈርም ተናገረ፤ በ1989 መጨረሻም በክፍያ ጉዳይ ቡድኑን ጥሎ ወጣ። ሃያ ዓመት ያልዘለለ ወጣት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ስሙ በጉልህ የተጻፈበት የራሱን አልበም አወጣ። እኔ ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ለወጣት ጸሐፊ የሚጠቅመው ይህ ንጽጽር ነው እላለሁ፤ የኪዩብ ችሎታ ከካዝ አይበልጥም፤ የበለጠው ጥያቄው ነው።

የእኛ ወጣቶች ዛሬ በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም በአማርኛ ራፕ ይጽፋሉ። ደብተሩ ስልክ ሆኗል። ማታ የተጻፈ ስንኝ ጠዋት በጓደኛ ስቱዲዮ ይቀረጻል፤ ብዙ ጊዜም ከመተማመን በቀር ሌላ ነገር የለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ አንድ የፈጠራ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃ ለማግኘት ሌላ ሥርዓት አያስፈልገውም። መብቱ አለ ማለት ነው፤ የሚጎድለው ማስረጃው ነው። ስለዚህ ግጥም የምትጽፉ ሁሉ፣ ከግጥማችሁ ሥር ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ፤ ለጓደኛ ስትሰጡ ማን እንደጻፈውና ድርሻው ስንት እንደሆነ በአንዲት ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፤ ጓደኛ ከሆነ አይቀየምም። ዘፈን የምታቀርቡ የሬዲዮ ሰዎችም ከዘፋኙ ስም ጋር የግጥሙን ደራሲ ስም ጥሩ። ስለ ሂፕ ሆፕ ታላላቆች ዝርዝር የምታወጡ ደግሞ፣ ከሹገርሂል ጋንግ በላይ ግራንድማስተር ካዝ ብላችሁ ጻፉ።