ሲሮጡ የታጠቁት፦ ምሳሌው ኳስ ሜዳ ሲገባ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌ የተወለደው መታጠቂያ ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ በሚታሰርበት አገር ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ ለአጨዳም ሆነ ለሩቅ መንገድ ሲነሳ ወገቡን የሚያስረው ደጁ ላይ ቆሞ፣ ጠበቅ አድርጎ ጠምጥሞ ነው። እየሮጠ ያሰረው ሰው ቋጠሮው አይጠብቅለትም፤ የሚፈታበትም ደግሞ ሩጫው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ይህን ምሳሌ ከ«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ጋር አንድ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ አንድ አይመስሉኝም። አፍሳ የለቀመችው የተወቀሰችው በመቸኮሏ ነው፤ ሯጩን ግን ለምን ሮጥክ ያለው የለም። የሚጠየቀው ከሩጫው በፊት የነበረውን ጊዜ ምን ሠራበት ተብሎ ነው። ምሳሌውን በእግር ኳስ ለሚፈትን ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ኳስ ያለ ሩጫ አይሆንምና። የተጫዋችም የሥራ ዕድሜ ራሱ ሩጫ ነው፤ መምህሩ ወይም ነጋዴው ገና ሥራውን በሚለምድበት በሠላሳዎቹ አጋማሽ የእርሱ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ሰው እየሮጥክ ለምን ታጠቅህ ብሎ ከመፍረድ በፊት የሚቆምበት ጊዜ ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጊዜ ከነበራቸው እንጀምር። ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመለሰና አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በዚያው ዓመት ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ ቡድኑ ምድቡን ሲመራ፣ ሰኔ ላይ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር እንዲሰለፍ ተደረገ። በሜዳ የተገኘው የ2 ለ 1 ድል በፊፋ ውሳኔ ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተቀየረ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ተጫዋቹ ያጠፋው ነገር የለም፤ ካርዱን መቁጠር የነበረበት ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው። ቡድኑ የኋላ ኋላ ምድቡን በመሪነት ጨርሶ እስከ ናይጄሪያው የመጨረሻ ማጣሪያ መድረሱ ጥፋቱን አስረሳን እንጂ ምሳሌው በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። የሚሮጡት አሥራ አንዱ ነበሩ፤ የተፈታው ግን ቆሞ የማሰር ግዴታ የነበረበት ሰው ያላጠበቀው ነው።

በክለቦቻችንም ይኸው ይታያል። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አነሳ። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ያሰኘ ድል ነበር። ከዚያ የደመወዝ አቤቱታው ተከታተለ፤ ተጫዋቾቹ ተበተኑ፤ በ2014 ዓ.ም. ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ደደቢትም በ2005 ሻምፒዮን ሆኖ በ2011 ወርዷል። ሁለቱም ለዋንጫ የሚበቃ ቡድን መሰብሰብ አላቃታቸውም። የጎደለው የሚቀጥለውን ዓመት ደመወዝ ከየት እናመጣለን የሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ይህን ለመመለስ ደግሞ ፍጥነት አያስፈልግም። ከሁሉ ለጎጃም ሰው የሚቀርበው የባሕር ዳሩ ስታዲየም ነው። ከ2007 ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኑ ይጫወትበት ጀመር፤ ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈውም እዚያው ነው። ጣሪያና ወንበር ሳይሟላለት፣ ሕዝቡም ውበቱን እያደነቀ፣ ዓመታት አለፉ። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደውና ኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገድነው ደቡብ አፍሪካ ሄደን ሆነ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ይባላል፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። በአውቶቡስ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ዳር ድረስ ተጉዞ ቡድኑን ያይ የነበረው የፍኖተ ሰላም ደጋፊ ያን ድል ያየው በቴሌቪዥን ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ትልቁ ድላችን ራሱ እየሮጡ የታጠቁት አይደለምን? ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታለች። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ግብፆች ወዲያው ሁለተኛውን አገቡ፤ በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገና በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ 4 ለ 2 ጨረሱት። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ሊያልቅ የነበረን ጨዋታ መመለስ በሩጫ ላይ መታጠቅ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? በውድድሩ የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ስለነበሩ ዋንጫው በሁለት ጨዋታ መገኘቱንም ማስታወስ ደግ ነው፤ ረጅም ዝግጅት የሚፈትን ውድድር አልነበረም የሚል ሰው አይሳሳትም። እኔ ግን በዚያ ድል ውስጥ የማየው ሌላ ነው። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ በ1928 በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ሃያ ዓመት አልፎ የተጫወቱ፣ ከዚያም የአገሪቱን እግር ኳስ ደንብና ድርጅት ያቆሙ ሰው ናቸው። ተጫዋቾቹም አስመራ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት በተደራጀ ውድድር የተፈተኑ ነበሩ። በ84ኛው ደቂቃ የታየው ብልሃት ነው፤ ብልሃቱ የተደገፈበት መታጠቂያ ግን ከሩብ ምዕት ዓመት በፊት መታሰር ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ይህ ድል ምሳሌውን አያፈርስም።

ምሳሌው የሚናወጠው ወደ አንድ ልጅ ሲወረወር ነው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ካለው ከጃቢ ጠህናን ወረዳ ገጠር የወጣ፣ አዝመራ ከተነሳ በኋላ በገለባው ላይ የጨርቅ ኳስ ያባረረ ልጅ እናስብ። አባቶቹ የሚያውቁት ጨዋታ ገና ነው፤ ሁለት መንደር ዱላ ይዞ ይገናኛል፣ የተጫዋቹ ቁጥር አይቆጠርም፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ባላባቱም ከሎሌው እኩል ይመታል። መዝገብ ስለሌለው የሚፈታ ነገር የለውም። የዛሬው ኳስ ግን የወረቀት ጨዋታ ነው፤ ውል፣ የዝውውር ሰነድ፣ የዕድሜ ማስረጃ፣ የሕክምና ምርመራ። ይህ ልጅ መልማይ ዓይን ውስጥ የሚገባው በአሥራ ሰባት ወይም በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በአጋጣሚ ነው፤ የሚፈርመውም ማንም ያላነበበለትን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልልን ባዳረሰው ጦርነት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ብዙ ነው። ይህን ልጅ «ቆመህ ብትታጠቅ ኖሮ» ማለት መቆሚያ መሬት ያልሰጡትን ሰው መውቀስ ነው። እየሮጠ ካልታጠቀ ጨርሶ አይታጠቅም።

«ታዲያ ገንዘቡን ሲያገኝ ለምን አያስብበትም?» የሚሉ አሉ። ለተሳካላቸው ጥቂቶች ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። በ2011 ማብቂያ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን የተወሰነው ከዚያ በላይ የሚያገኙ ስለነበሩ ነው፤ በየትኛውም የአገራችን ሚዛን ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ገንዘብ ከጉልበት ጋር የሚመጣና ከጉልበት ጋር የሚሄድ ስለሆነ መታጠቂያነቱን እጠራጠራለሁ። የሉቺያኖ ቫሳሎ ሕይወት ይህን በግልጽ ያሳያል። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል በ1970 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል አገር ጥሎ ሲሸሽ ዝናው ከድንበር ወዲያ አንድ ዳቦ የማይገዛ ነበር። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፍቶ እንዲኖር ያስቻለው በወጣትነቱ አስመራ የተማረው የመካኒክነት ሙያ ነው፤ እስከ 2015 መባቻ ኖሮም የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ ትቶ አልፏል። እርሱ የኳስ ሰው ከመሆኑ በፊት ሠራተኛ ነበር። በዘመኑ ተጫዋች ሁሉ እንዲያ ነበር፤ ኳስ አያበላም ነበርና። የዛሬው ፕሮፌሽናል ግን ክለቡ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ በውል ያስረዋል፤ ያ የቀድሞ ቋጠሮ በገዛ እጃችን የተፈታው እኮ እድገት ብለን ነው። አንድ ክለብ የልጅን ቀን ሙሉ ከወሰደ፣ ማታውን የሚማርበትን መንገድ ማዘጋጀት የክለቡ ዕዳ ይመስለኛል፤ ይህን «በጎ አድራጎት» ብሎ መጥራት አይገባም።

ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ልጁ በምንም ብልሃት ሊያስረው አይችልም። ይኸውም ዕድሜው ነው። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑ ውድድሮች የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ በገጠራችን ግን ልደት የሚታወሰው «በአዝመራው ዓመት» ወይም በክርስትናው በዓል ነው። አንዳንዱ እያወቀ ያጭበረብራል፤ ብዙው ግን የተወለደበትን ዓመት እውነትም አያውቅም፤ በመሣሪያ ሲያዝ ሁለቱም ውሸታም ይባላሉ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ ጃቢ ጠህናን ውስጥ የተወለደ ሕፃን፣ ወላጆቹ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደው አስመዝግበውት ከሆነ፣ በ2024 ዓ.ም. ክረምት አሥራ ስድስት ዓመት ይሞላዋል፤ መልማይ ሲመጣ የሚያሳየውም ሌላ ሰው ቆሞ የጻፈለት አንድ ወረቀት ይኖረዋል።